ጎደሬ የምታመጣልን ሴትዮ

ሥራ መፈለግ የጀመርኩት ሰባተኛ ክፍል ሆኜ ነው። አትሳቁብኝ። ሰማያዊ የፕላስቲክ ፋይል ነበረኝ፤ ፊቱ ላይ በእስክሪብቶ «የሥራ ማስረጃ» ብዬ ጽፌበታለሁ። ውስጡ ሁለት ወረቀት ብቻ ነበር። አንደኛው ከክፍሌ ሦስተኛ የወጣሁበት የውጤት ካርድ ነው። ሁለተኛው የትምህርት ቤታችን ፀረ ኤድስ ክበብ ባዘጋጀው ጭውውት ላይ በመሳተፌ የተሰጠኝ የምስጋና ወረቀት ነው። በጭውውቱ ታማሚዋን ሆኜ ሦስት ጊዜ አሳልኩ፣ ከዚያ ሞትኩ፣ በቃ። ወረቀቱን ግን እንደ ዲግሪ ነበር የማየው።

ፋይሉን የገዙልኝ እትዬ ናቸው። እትዬ የምላቸው ሚዛን ተፈሪ ላይ ያሳደጉኝን ሴትዮ ነው። አባታቸው ከሰሜን በአስተማሪነት መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ነበሩ። እሳቸው ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ በነርስነት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ቀጥ ብለው የሚራመዱ፣ ቤታቸው ውስጥ እንኳ ጫማ የማያወልቁ ሴት ናቸው። እናቴ የምትኖረው ከከተማው ሁለት ሰዓት በእግር በሚያስኬድ መንደር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጎደሬና ሙዝ፣ አንዳንዴም ኮረሪማ ይዛ ገበያ ስትወጣ እትዬ ደንበኛዋ ነበሩ። የመንደራችን ትምህርት ቤት ከአራተኛ ክፍል በላይ ስላልነበረው እናቴ አንድ ቅዳሜ ከጎደሬው ጋር እኔንም ይዛ መጣች። እየተላላክሁ እንድማር ተስማሙ። እናቴ ስትመለስ አላለቀሰችም፤ እኔም አላለቀስኩም፤ እትዬ ናቸው ያለቀሱት።

እትዬ ልጅ አልነበራቸውም፤ የሚያውቁትን ሁሉ እኔ ላይ አፈሰሱት። «ሥራ የሚያዘው ስትመረቂ አይደለም» ይሉኝ ነበር። «ስትመረቂማ ብዙ ሆናችሁ ነው የምትመረቁት። ካሁኑ ነው መለየት።» ካሁኑ መለየት ማለት ብዙ ነገር ነው። አንሶላን አንዲት እጥፋት ሳትታይበት መወጠር። የእጅ ጽሑፍን ማሳመር። የእሳቸውን ሰዓት ይዞ የልብ ምት መቁጠር፤ መጀመሪያ የእሳቸውን፣ እሳቸውን ሲሰለቻቸው የራሴን፣ እኔንም ሲሰለቸኝ የድመቷን። ክረምት ሲገባ እጄን ይዘው ጤና ጣቢያ ወሰዱኝና በበጎ ፈቃድ ካርድ ክፍል አስቀመጡኝ። ሌላው ልጅ ኳስ ሲያሳድድ እኔ የበሽተኛ ካርድ በፊደል ተራ እደረድር ነበር። ለዚያም ወረቀት ተሰጠኝ። ፋይሉ ወፈረ።

ከሁሉ በላይ ግን የደከሙበት አፌ ነው። ስመጣ የማውቀው ቋንቋ ቤንችኛ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። አማርኛዬ የገበያ አማርኛ ነው፤ ሴቱን በወንድ፣ ወንዱን በሴት እጠራለሁ፤ እትዬን ራሳቸውን «መጣህ ወይ?» ብዬ የተቀበልኩበት ቀን አለ። እሳቸው አልሳቁም። ወንበር ስበው ተቀመጡና «ስሚ የኔ ልጅ፣ አንድ ቀን ቀጣሪ ኮሚቴ ፊት ትቆሚያለሽ። መጀመሪያ የሚያዩት ፋይልሽን አይደለም፤ አፍሽን ነው። አፍሽን አስተካክዪ» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ሬዲዮ ሲያወራ አብሬ እንዳወራ ተደረግሁ። ዜና አንባቢው አንድ ዓረፍተ ነገር ይላል፣ እኔ እደግማለሁ፤ እትዬ ያርሙኛል። የሚኒስትሮች ስብሰባና የእህል ዋጋ እንደ መዝሙር ወጣልኝ። ስምንተኛ ክፍልን ስጨርስ ከየት እንደመጣሁ የሚያውቅብኝ አልነበረም። ሰው «የእትዬ የእህት ልጅ ነሽ?» ሲለኝ መጀመሪያ ዝም አልኩ፤ በኋላ አዎ አልኩ።

እትዬ ይህን አላስተማሩኝም። እሱን እኔው ራሴ ነኝ የጨመርኩት።

አሥረኛ ክፍል ሆኜ አንድ ቅዳሜ ከሁለት የክፍሌ ልጆች ጋር በገበያው በር በኩል ስናልፍ እናቴ ከፊት ለፊቴ መጣች። ጀርባዋ ላይ ጎደሬ ተሸክማለች፤ ቦት ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ነው፤ ፊቷ በሙሉ ይስቃል። ስሜን ጠራችና በቤንችኛ «ከሳሽ እኮ፣ አይበላም እንዴ እዚያ ቤት?» አለችኝ። ልጆቹ እኔን አዩኝ። እኔ በዚያ የሬዲዮ አማርኛዬ «ቤት አለች፤ ቤት ውሰጂላት» አልኳትና አለፍኩ። እትዬን «አለች» ብዬ የጠራሁት እንኳ ከድንጋጤዬ ነው። አንደኛዋ ልጅ «ማናት?» ስትል «ጎደሬ የምታመጣልን ሴትዮ ናት» አልኳት፤ ዓይኔን በጨው ታጥቤ።

እናቴ አማርኛ መናገር ያቅታታል እንጂ ትሰማለች። በመንደራችን ቤተ ክርስቲያን ስብከቱም መዝሙሩም በአማርኛ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ከኋላዬ ሁለት እርምጃ ላይ ነበረች፤ መስማቷን አውቃለሁ። ዞር ብዬ አላየኋትም። ከሰዓት ቤት ስገባ ጎደሬው ታጥቦ ተቀምጧል፤ እሷ ሄዳለች። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ መንገድ ላይ ስንገናኝ ቀድማ ሰላም ብላኝ አታውቅም። እኔ ብቻዬን መሆኔን ካረጋገጠች በኋላ ነው የምትጠጋኝ። አልተጣላችኝም፤ አልጠየቀችኝም። ሥርዓት ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ እሷ ያዘችልኝ።

አማን ያለው የጤና ኮሌጅ ስገባ ፋይሌ አንገቱ ድረስ ሞልቶ ነበር። እዚያ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ፤ ሎግ ቡክ የምንለው። እያንዳንዱ ተማሪ በሆስፒታል ልምምድ ላይ የሠራውን ሥራ የሚያስፈርምበት ደብተር ነው። መርፌ ስትወጋ ይፈረማል፤ ግሉኮስ ስትሰካ ይፈረማል፤ ቁስል ስታጥብ ይፈረማል። በሥራ የምትፎካከረው በዚህ ደብተር ነው። ተማሪው ብዙ፣ በሽተኛው የተወሰነ ነው፤ ስለዚህ አንድ መርፌ ሲታዘዝ አራታችን እንሮጣለን። በየዓመቱ መጨረሻም ከኮርሱ ሁለት ተማሪ ተመርጦ የድጋፍ ደብዳቤ ይጻፍለታል። ያ ደብዳቤ ያለው ሰው ሥራ አያጣም ይባል ነበር። እኔ ከሁለቱ አንዷ ለመሆን ነው ሰባተኛ ክፍል የጀመርኩት።

በመጀመሪያው የልምምድ ሳምንት ዓይኔን የከፈተልኝ የአንዲት ጓደኛችን ነገር ነው። እሷም እንደኔ የገጠር ልጅ ናት፤ ቤንችኛዋን አልደበቀችም። ታዲያ ከየክፍሉ «ያቺን ልጅ ጥሯት፣ ታስተርጉም» ይባላል። አንዱን በሽተኛ አስተርጉማ ሳትጨርስ ሌላው ይጠራታል። እሷ «የት ጋ ነው የሚያምዎት?» ስትል እኛ መርፌውን እንወጋለን፣ እኛ እናስፈርማለን። በወሩ መጨረሻ ሎግ ቡኳን ስናይ ባዶ ነበር። አስተርጓሚነት የሚፈረምበት ሳጥን የለውም። አሳዘነችኝ፤ ከማዘኔ በፊት ግን «እኔን አያገኙኝም» አልኩ። ከዚያ በኋላ በሽተኛ በቤንችኛ ሲያወራኝ ጆሮ ዳባ ልበስ። ትከሻዬን ከፍ አድርጌ «አስተርጓሚ ፈልጉልኝ» እላለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የምታስተረጉመው የጽዳት ሠራተኛዋ ነበረች፤ መጥረጊያዋን ግድግዳ አስደግፋ ትመጣለች። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ እንዲህ ኖርኩ። በሽተኞች ስለ እኔ በእኔ ፊት ያወሩ ነበር። አንዲት አሮጊት «ይቺ ልጅ እጇ ደግ ነው፣ ምን ያደርጋል ደንቆሮ ናት» ብለው ለጎረቤት አልጋ ሲያሙኝ ሰምቼ ሳቄን ይዤ ወጥቻለሁ። በዚያን ጊዜ አስቂኝ መስሎኝ ነበር።

የመጨረሻው የተግባር ፈተና የሴቶች አስተኝቶ ማከሚያ ክፍል ውስጥ ነበር። ፈተናው ቀላል ነው፤ አንድ በሽተኛ ይሰጥሻል፣ የሕመም ታሪኳን ትጠይቂያለሽ፣ የታዘዘላትን መድኃኒት ታዘጋጂያለሽ፣ ትሰጪያለሽ፤ አስተማሪያችን አጠገብሽ ቆሞ ወረቀት ላይ ምልክት ያደርጋል። ሦስት ሌሎች ተማሪዎች ግድግዳ ተደግፈው ይመለከታሉ። ከእነሱ አንደኛው ለደብዳቤው የምፎካከረው ልጅ ነበር፤ እሱ ጠዋት ተፈትኖ አሳምሮ ወጥቷል።

«አልጋ አራት» አለኝ አስተማሪው።

አልጋ አራት ላይ የተኛችው አክስቴ ነበረች፤ የእናቴ ታናሽ እህት። ትኩሳቱ ዓይኗን ጨፍኖት፣ ትንፋሿ ከሩቅ ይሰማል። የሳንባ ምች ነው፤ ሌሊቱን በቃሬዛ ነው ያመጧት። ራስጌዋ ላይ፣ ከሰው በተዋሰችው ጋቢ ተጠቅልላ፣ እናቴ ቆማለች።

ነጭ ጋውን ለብሼ አይታኝ አታውቅም ነበር። መጀመሪያ ፊቷ ላይ የመጣውን ነገር አሁንም አየዋለሁ። ደስታ ነው። እህቷ እያቃሰተች፣ እሷ እኔን አይታ ደስ አላት። አፏን ልትከፍት ስትል ከኋላዬ የቆሙትን ልጆች አየች፤ አስተማሪውን አየች። አፏን መልሳ ዘጋች፤ ሥርዓቱን አስታውሳ።

«ታሪክ ጠይቂ» አለኝ አስተማሪው።

የታዘዘው ፔኒሲሊን ነበር። ፔኒሲሊን ከመስጠትሽ በፊት የምትጠይቂው አንድ ጥያቄ አለ፤ እኔም በሚያምረው አማርኛዬ ጠየቅኩ። «እናት፣ በሽተኛዋ ከዚህ በፊት ይህን መርፌ ተወግተው ሰውነታቸው የተቆጣበት ጊዜ አለ?»

እናቴ ዝቅ ባለ ድምፅ በቤንችኛ ነገረችኝ። አጥርታ ነው የነገረችኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ጉሮሮዋን አሟት ክሊኒክ ወስደናት ነበር፤ ነጭ ዱቄት በውኃ በጥብጠው ወጓት፤ ሳንወጣ ፊቷ አበጠ፣ ትንፋሿ ተቆረጠ፣ ሞተች ብለን ጮኸን ነበር፤ ሐኪሙ ዳግመኛ ይህን መርፌ እንዳትወጋ፣ የትም ብትሄዱ ተናገሩ ብሎናል። ይህን ሁሉ አለችኝ። ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ላይ የተቀዳ ነው የሚመስለው፤ ከዚያ የተሻለ የበሽተኛ ታሪክ እስከ ዛሬ የነገረኝ ሰው የለም።

አስተማሪው «ምን አለች?» አለኝ።

የጽዳት ሠራተኛዋ በዚያ ቀን አልነበረችም። ያቺ አስተርጓሚ ጓደኛችን ሌላ ክፍል ነበረች፤ ልጥራት ማለት እችል ነበር። እውነቱን መናገርም እችል ነበር፤ «ቲቸር፣ ይቺ እናቴ ናት፣ እንዲህ አለች» ማለት አንድ ትንፋሽ ነው የሚወስደው። እኔ ግን የሁለት ዓመት ተኩል ውሸቴን ነው ያሰብኩት። ግድግዳውን የተደገፉትን ልጆች፣ ሳቃቸውን፣ አስተማሪው ደብዳቤውን ሲጽፍ ምን እንደሚያስታውስ አሰብኩ።

«አልገባኝም ቲቸር» አልኩ። «በቋንቋዋ ነው የምታወራው።»

እናቴ አየችኝ። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። በዚያን ሰዓት ጉዳዩ የእህቷ ነፍስ ባይሆን ኖሮ ዝም ብላ ትወጣልኝ ነበር፤ አውቃታለሁ። ግን እህቷ አለች። ስለዚህ አማርኛዋን አወጣች፤ ያን የቤተ ክርስቲያን አማርኛዋን። «ሲስተር» አለችኝ። በልጅነቴ ጡት ያጠባችኝ ሴት «ሲስተር፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። መርፌ… እሱ ክፉ። እህቴ፣ መርፌ እሱ ክፉ ነው» አለችኝ።

ልጆቹ ሳቁ። አስተማሪው በቀና ልብ ነው፣ ፈገግ ብሎ «ሁሉም መርፌ ይፈራሉ፤ አይዞዎት እናት» አላት። እሷ እጇን አንገቷ ላይ አድርጋ ያበጠ ነገር ልታሳይ ሞከረች፣ «ክፉ፣ ክፉ» እያለች። ሦስት ጊዜ ሞከረች። ሦስቱንም ጊዜ ዓይኗ እኔ ላይ ነው። አስተማሪው ሰዓቱን አየና «ቀጥዪ» አለኝ።

መውጋት እንደማልችል አውቃለሁ። ያን ያህል አልከፋሁም። ግን መናገርም አልፈለግሁም፤ ስለዚህ መሐል መንገድ ፈለግሁ። «ቲቸር፣ መጀመሪያ የቆዳ ምርመራ ላድርግላት» አልኩ። አንዲት ጠብታ ከክንድ ቆዳ ሥር ይሰጥና ያብጥ እንደሆነ ይታያል፤ በፈተና ድንጋጤ አብዛኞቻችን የምንዘለው ነገር ነው። አስተማሪው ቅንድቡ ከፍ አለ፤ ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጻፈ። ጥሩ ነገር መሆኑ ከእጁ አነሳስ ታየኝ።

ይህን ለማያውቅ ሰው መናገር አለብኝ። ያቺ ጠብታ የምትሰጠው ታሪኩ ለማይታወቅ ሰው ነው። ትንፋሹ አንድ ጊዜ ተቆርጦ የዳነን ሰው ያወቀች ነርስ ጠብታዋንም አትሰጥም። እኔ አውቅ ነበር። እናቴ ነግራኛለች። እያወቅሁ የአክስቴን ክንድ በአልኮል ጠርጌ፣ ቆዳዋን ወጥሬ፣ ጠብታዋን አስገባሁ። እጄ አልተንቀጠቀጠም፤ እትዬ በደንብ ነው ያሰለጠኑኝ። እናቴ ዓይኗን ጨፈነች፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ጸሎት መሆኑን አወቅሁ።

ብዙ አልቆየም። ክንዷ ላይ የሽንብራ ፍሬ የሚያህል እብጠት ወጣ፤ ሰፋ፤ ከንፈሯ መወፈር ጀመረ፤ ማሳል ጀመረች፤ ደረቷ እያፏጨ ተነሳ። አስተማሪው ወረቀቱን ጥሎ ሮጠ፤ አድሬናሊን ተሰጣት፣ ኦክስጅን ተደረገላት። እኔ የሰዎቹን ትእዛዝ እየተቀበልኩ አቀብላለሁ። ሞታ ቢሆን ኖሮ ይህን ዛሬ ለማንም የምጽፈው አይመስለኝም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ትንፋሿ ተመለሰ። መድኃኒቱ ተቀየረላት።

አስተማሪው ላቡን ጠርጎ ልጆቹን ሰበሰባቸው። «አያችሁ?» አላቸው። «ሙሉውን ሰጥታት ቢሆን ኖሮ አሁን አስከሬን ነበር የምንሸኘው። ነርስ ማለት እንዲህ ነው። በሽተኛ ባይነግርሽም ማሰብ!» ተፎካካሪዬ እንኳ ትከሻዬን መታ አደረገኝ። ከዚያ አስተማሪው ወደ እናቴ ዞረ። አልጮኸባትም፤ ግን ደንግጦ ስለነበር ቃሉ ሻካራ ነበር። «እናት፣ ይህን እኮ መናገር ነበረብዎት! ታሪክ እየደበቃችሁ እኛ ምን እናድርግ? እህትዎን ሊገድሏት ነበር እኮ!»

እናቴ አንገቷን ደፋች። ሁሉንም ሰምታለች። ሦስት ጊዜ የተናገረችውን ደበቅሽ ስትባል፣ የነገረቻት ልጇ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ቆማለች። አንድ ቃል ብቻ ከእሷ ብትወጣ አልቆልኝ ነበር፤ ስሜን ብቻ ብትጠራ።

«በደለኛ ነኝ ዶክተር» አለች። «ይቅር በሉኝ።» ወደ እኔም ዞረችና ጎንበስ ብላ «ሲስተር፣ ጌታ ይባርክዎት» አለችኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ያልኩት ያኔ ነው። መሬት ግን አትከፈትም፤ ሎግ ቡኬ ነው የተከፈተው። አስተማሪው ፈረመልኝ።

አክስቴ ዘጠኝ ቀን ተኛች። ዘጠኙንም ቀን ወደዚያ ክፍል አልገባሁም፤ ተራዬን ከጓደኞቼ ጋር ተቀያየርኩ። ሲወጡ እናቴ በእትዬ ቤት በኩል አለፈች። እኔ ጓዳ ነበርኩ። እትዬ ከገበያ ደንበኞቻቸው የለመዱት ቤንችኛ አላቸው፤ በእሱ ስታወራቸው እሰማለሁ፤ «ልጃችን እህቴን አዳነች» አለቻቸው። «ጠብታ ብቻ ሰጥታ ክፉውን አወቀችበት። ጎበዝ ናት።» አንዲትም ነገር አልጨመረችም፤ አንዲትም ነገር አልነገረቻቸውም። እትዬ አብረው ተደሰቱ፣ ሸኟት። ከዚያ ጓዳ ገቡና ፊት ለፊቴ ቆሙ። እሳቸው ነርስ ናቸው፤ አይታለሉም።

«እናትሽ ስለ መርፌው ታውቅ አልነበረም?»

የታጠበውን ሲኒ መልሼ አጠብኩ።

«አልነገረችሽም?»

ሲኒውን ከእጄ ወስደው አስቀመጡት። «አፍሽን አስተካክዪ አልኩሽ እንጂ፣ ጆሮሽን ድፈኚ አልኩሽ?» አሉኝ። ያን ቀን ከእኔ ጋር እራት አልበሉም።

ደብዳቤው ተጻፈልኝ። በፋይሌ ውስጥ ካሉት ወረቀቶች ሁሉ በላይ አስቀመጥኩት፤ ማኅተሙ ክብ፣ ወረቀቱ ወፍራም ነው። «የሕሙማንን ታሪክ በትዕግሥት የምታዳምጥ፣ አስተዋይ ባለሙያ» ይላል። ቀጣሪው ኮሚቴ ፊት ስቀርብ እትዬ እንዳሉት አፌን ነው ያዩት፤ ያማረ አፍ ነበረኝ። ሰብሳቢው ያቺን ዓረፍተ ነገር ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበባትና ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ የሞላሁትን ቅጽ አገላብጦ «ቋንቋ በሚለው ላይ አማርኛና እንግሊዝኛ ብቻ ነው የጻፍሽው። የአካባቢውን ቋንቋ ትሰሚያለሽ?» አለኝ። የምሸሸው ነገር አልነበረም፤ ማንም አላስገደደኝም፤ እንደውም ብናገር ነጥብ ይጨመርልኝ ነበር።

«ጥቂት ጥቂት» አልኩ።

እናቴ ያወጣችልኝን ስም በምትጠራበት ቋንቋ ላይ «ጥቂት ጥቂት» አልኩበት። ሥራውን አገኘሁ።

መጀመሪያ የተመደብኩት ቴፒ አካባቢ ነው። እዚያ ማንም የማያውቀኝ አዲስ ሰው ሆኜ ጥሩ ሠራሁ፤ ሰዎቹ ወደውኛል። ግን ፔኒሲሊን በታዘዘ ቁጥር፣ ያቺን ጥያቄ በጠየቅኩ ቁጥር፣ የበሽተኛው አፍ ሳይሆን የእናቴ አፍ ይታየኛል። የምጠይቃቸውን አስታማሚዎች ሁለቴ ሦስቴ እንዲደግሙልኝ አደርጋለሁ፤ የአካባቢውን ቋንቋ ስለማላውቅ አስተርጓሚ ሳይመጣ መርፌ አልነካም። ባልደረቦቼ «ይቺ ልጅ አታምንም» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ ራሴን አላምንም። ከዓመታት በኋላ ዝውውር ጠየቅኩና ከሚዛን ወጣ ብሎ፣ ከእናቴ መንደር ብዙ በማይርቅ ጤና ጣቢያ ተመደብኩ። በመጀመሪያው ቀን በሽተኞቼን በቤንችኛ ሰላም ስላቸው ምላሴ እንደ ዛገ ቁልፍ ነበር። አብራኝ የምትሠራዋ ልጅ «የት ተማርሽው?» አለችኝ። «ቤቴ» አልኳት።

እናቴ ያን ሁሉ ጊዜ ቅሬታ አሳይታኝ አታውቅም። ቤቷ ስሄድ ቡና ታፈላልኛለች፣ የሙዝ ቅጠል ላይ የተጋገረ ቆጮ ታቀርብልኛለች፣ ስለ ከብቱና ስለ ዘመዱ በቤንችኛ ታወራኛለች። ስለዚያ አልጋ ግን አንስተን አናውቅም። ስንት ጊዜ ልጀምረው ብዬ ስለ ከብቱ ጠይቄያታለሁ። ይቅርታ ልጠይቃት ስል ያቺን «በደለኛ ነኝ» የምትለዋን ድምፅ እሰማለሁ፤ እሷ የኔን ይቅርታ ቀድማ ጠይቃ ጨርሳዋለች።

ከዚያ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ጤና ጣቢያው መጣች። ሳል ይዟታል። እኔ እንዳለሁ ታውቃለች፤ ግን ወደ ቢሮዬ አልመጣችም፤ ካርድ አውጥታ፣ ወረፋ ይዛ፣ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነው ያየኋት። ጋቢው ያው የጥንቱ ዓይነት፣ ቦት ጫማዋም ያው። ዛሬ ነው አልኩ። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እንዲሰማ፣ አብሮኝ የሚሠራው ሁሉ እንዲሰማ፣ በሩ ላይ ቆሜ በሙሉ ድምፄ በቤንችኛ ጠራኋት፤ «እናቴ! ነይ ግቢ! እኔ ልጅሽ እያለሁ እዚያ ምን ታደርጊያለሽ?»

ሰው ሁሉ ዞረ። እናቴ ደነገጠች። ተነሳች፣ ጋቢዋን አስተካከለች፣ ግራና ቀኝ አየች፤ ቀረብ አለችኝና፣ በዚያ በማይስተካከለው አማርኛዋ፣ «እሺ ሲስተር» አለችኝ።

ወደ ውስጥ አስገብቻት ወንበር ሰጠኋት። በቤንችኛ የት እንደሚያማት ጠየቅኳት። በአማርኛ መለሰችልኝ፤ «ደረት። ደረት እሱ ያማል፣ ሲስተር።» እንደገና በቤንችኛ ጠየቅኳት፤ እንደገና በአማርኛ። ተንበረከክሁና ሁለት እጇን ያዝኩ፤ ለቅሶዬ እየቀደመኝ «እናቴ፣ በቋንቋችን ንገሪኝ፤ እሰማሻለሁ፤ ያኔም ሰምቼሽ ነበር» አልኳት።

እናቴ አንድ እጇን ከእጄ አላቀቀችና በሩን አየች። ክፍት ነበር። ጎንበስ ብላ ወደ ጆሮዬ ተጠጋችና በቤንችኛ አንሾካሾከችልኝ፤

«ቀስ በይ ልጄ፤ ሰው ይሰማሻል።»

ውጭ ወረፋ የያዙት ሰዎች ሁሉ እርስ በርስ የሚያወሩት በቤንችኛ ነበር።